ሳንባው የታመመ ሰው ለምን ይከሳል? ክሳቱስ ምን ያህል ያስከፍላል?

ሥር በሰደደ የሳንባ በሽታ የሚሠቃይ ሰው ሲከሳ ያየ ሁሉ «በሽታው አከሳው» ብሎ ያልፈዋል። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የእውነቱ ግማሽ ብቻ ነው። ክሳቱም በተራው በሽታውን ያብሰዋል፤ የቤተሰብንም የሆስፒታልንም ገንዘብ ይበላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ስለ በሽታው ጥቂት እንበል። እዚህ የምናነሣው የአየር ቧንቧዎችን እያጠበበ ትንፋሽ የሚያሳጥረውን ነው። ዋናው መንሥኤው ትምባሆ ሲሆን፥ እንደ እኛ ባለ አገር የማገዶ ጢስም ከባድ ድርሻ አለው። ስለዚህ ሲጋራ በእጇ ያልነካች፥ ግን ዕድሜዋን በምድጃ ዳር እንጀራ ስትጋግር የኖረች እናትም ትታመምበታለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚሁ በሽታ ሞተዋል።

አሁን ወደ ክሳቱ እንምጣ። ጤነኛ ሰው ለመተንፈስ ብቻ የሚያወጣው ጉልበት በቀን ከ36 እስከ 72 ኪሎ ካሎሪ ሲገመት፥ የዚህ በሽተኛ ግን ከ430 እስከ 720 ይገመታል። ምክንያቱም አየር በሳንባው ውስጥ ስለሚታጎር የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ ሌት ተቀን በሸክም ይሠራሉ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፥ ወጪው ሲበዛ ገቢው ያንሳል። ማኘክና መዋጥ ትንፋሽ ያቋርጠዋል፤ የሞላ ሆድም ሳንባውን ከታች ይገፋዋል፤ ስለዚህ ጥቂት ጎርሶ ይተወዋል። ያን ጊዜ ሰውነቱ የጎደለውን ከገዛ ጡንቻው ይወስዳል፤ የሚተነፍስበትም ጡንቻ አይቀርለትም። ጡንቻው ሲደክም አክታውን ስሎ ማውጣት ያቅተዋል፤ ሌላ ሕመም በቀላሉ ይይዘዋል፤ እንደገና ይተኛል፤ እንደገና ይከሳል።

ሐኪሞችም ይህን በቁጥር ይመዝኑታል። በ2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የወጣው የበሽታው መመዘኛ፥ ክብደት በኪሎ ግራም ለቁመት በሜትር ካሬ ሲካፈል 21 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የሞት አደጋው ከፍ እንደሚል ይቆጥራል። ቁመቱ 1.70 ሜትር ለሆነ ሰው ይህ ወሰን ወደ 61 ኪሎ ግራም ይደርሳል።

ስለ ወጪው ደግሞ በአውስትራሊያ ተጠንቶ በ2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የታተመ ምርምር አለ። በዚህ በሽታ ሆስፒታል ከገቡት መካከል በምግብ እጥረት የተጎዱት ካልተጎዱት ይልቅ ወደ እጥፍ ለሚጠጋ ቀን ተኝተዋል፤ ወጪያቸውም እጥፍ ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው። እንግዲህ በአገራችን ሲሆን በዚህ ላይ አስታማሚው ከሥራው የሚቀርበትን ቀን፥ የመኪናውን ኪራይና ለመታከሚያ የሚሸጠውን በግ እንጨምርበት። ይህ በማንኛውም የሆስፒታል መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ ከፋዩ ግን አለ።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፥ ሳልና ክሳት አብረው ሲታዩ የሳንባ ነቀርሳ እንዳይሆን አስቀድሞ መመርመር ግድ ነው። ሁለተኛ፥ በሽተኛው በመጣ ቁጥር ይመዘን፤ ሚዛን ርካሽ መሣሪያ ነው። ሦስተኛ፥ በቀን ሁለት ጊዜ ሆድ እስኪሞላ ከመብላት ይልቅ አምስት ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይቅመስ፤ ዘይት ጠብ ያለበት ሽሮ፥ እንቁላል፥ ወተት፥ ለውዝ፥ አጥሚት በትንሽ መጠን ብዙ ጉልበት ይሰጣሉ። የምግብ ድጎማ የከሱትን በሽተኞች ክብደት እንደሚጨምር በምርምር ታይቷል። አራተኛ፥ ሐኪሙ በሚፈቅደው መጠን ይንቀሳቀስ፤ ያለ እንቅስቃሴ ምግብ ብቻውን ጡንቻ አይሠራም።

መድኃኒት ለመግዛት ተበድሮ ገበታውን የሚያጎድል ቤተሰብ ቆጥቤአለሁ ይል ይሆናል። ሂሳቡ ግን የሚያሳየው ሌላ ነው፤ ከገበታ የተቀነሰው ገንዘብ በሆስፒታል አልጋ ላይ እጥፍ ሆኖ ይከፈላል። ከመካከላችን ነገ ሐኪም የሚሆነውም፥ በጀት የሚመድበውም፥ የታመመች እናቱን የሚጠይቀውም ይህን ሂሳብ ከአሁኑ ቢያውቀው መልካም ነው።