የኤርባግ ሞጁል ሲቀየር፦ የመብራቱ መጥፋት ብቻውን ዋስትና አይሆንም

በቶሮንቶ ፍሌሚንግደን ፓርክ አጠገብ በሚያልፈው ዶን ቫሊ ፓርክዌይ ላይ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ፍጥነት የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 25 ሜትር ይሄዳል። በሰፈሩ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች ወጥቶ ወደዚህ መንገድ የሚገባ አሽከርካሪ ግጭት ቢደርስበት፣ ኤርባጉ ይከፈት ወይስ አይከፈት ብሎ የሚወስነው አንድ ትንሽ ሣጥን ነው፤ የኤርባግ መቆጣጠሪያ ሞጁል።

ሞጁሉ በአብዛኞቹ መኪኖች በፊት መቀመጫዎች መካከል፣ ከወለሉ ጋር በብሎን ታስሮ ይገኛል። በውስጡ ያለው ሴንሰር የፍጥነቱን ድንገተኛ መቀነስ ይለካል። ከባድ የፊት ለፊት ግጭትን ለመለየት በተለምዶ ከ15 እስከ 30 ሚሊሰከንድ ይበቃዋል፤ ይህም ዓይን ጨፍኖ ለመግለጥ ከሚፈጀው ጊዜ ያነሰ ነው። በ30 ሚሊሰከንድ መኪናው በ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄደው 75 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ኤርባግ ከተከፈተ በኋላ ሞጁሉ የአደጋውን መረጃ መዝግቦ ይይዛል፤ በብዙ መኪኖችም መቀየር ግድ ይሆናል። ውሃ የገባበት ሞጁልም ሊበላሽ ይችላል።

ዝርዝሩን የሚወስነው የአምራቹ መመሪያ ቢሆንም፣ የሥራው ቅደም ተከተል በአጠቃላይ የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ይነቀላል። አደጋው ግን በዚህ አያበቃም። ሞጁሉ በግጭት ጊዜ ባትሪው ቢቋረጥ እንኳ ኤርባጉን መክፈት እንዲችል በካፓሲተር ውስጥ ኃይል ያጠራቅማል። ስለዚህ መመሪያው ያዘዘው ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ ምንም ገመድ መንካት አይገባም። ኤርባጉንም በተራ የኤሌክትሪክ መለኪያ መፈተሽ ክልክል ነው፤ ከመለኪያው የሚወጣው ጥቂት ጅረት ሊያፈነዳው ይችላልና።

ቀጥሎ የአዲሱ ሞጁል የክፍል ቁጥር ከመኪናው ጋር ይመሳከራል። በላዩ ላይ ያለው ቀስት ወደ መኪናው ፊት ማመልከት አለበት፤ ተገልብጦ ከታሰረ ሴንሰሩ የግጭቱን አቅጣጫ ያዛባል። ብሎኖቹም በታዘዘው ልክ ይጠብቃሉ፤ ከላሉ ግጭቱ ለሴንሰሩ በትክክል አይደርሰውም።

በመጨረሻ ሞጁሉ በመመርመሪያ ኮምፒውተር ከመኪናው የሻንሲ ቁጥር ጋር ይዋሐዳል። ቁልፉ ሲከፈት የኤርባጉ መብራት ለጥቂት ሰከንዶች በርቶ ሊጠፋ ይገባል።

ጥንቃቄ የሚሻው እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ ሠራተኞች የተከፈተውን ኤርባግ ሳይተኩ በቦታው ሬዚስተር ይቀጥላሉ። ሞጁሉ ኤርባጉ ያለ መስሎት መብራቱን ያጠፋል፤ አሽከርካሪውም በባዶ ሽፋን ተማምኖ ይነዳል። ከሌላ መኪና የተፈታ ሳልባጅ ሞጁልም ለዚያ መኪና የተዘጋጀ በመሆኑ፣ ቢገጥም እንኳ በትክክል ላይሠራ ይችላል።

በኦንታሪዮ የመኪና ጥገና ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ነው፤ መለያውም 310ኤስ ይባላል። መኪናውን የሚያስጠግን ሰው የቴክኒሻኑን ፈቃድ፣ የአዲሱን ክፍል ደረሰኝና ከሥራው በኋላ የታተመውን የምርመራ ውጤት መጠየቅ ይኖርበታል። ሞጁሉ በትክክል መገጠሙን በግጭት መፈተን አይቻልምና፣ ማረጋገጫው ከመንገድ በፊት በእጅ መያዝ አለበት።