ስለ ተሸጠ ዕቃ ዋስትና

በአቃቂም ሆነ በመርካቶ ሱቆች ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ሳታዩ አልቀራችሁም። ብዙ ሰው ይህን እንደ ሕግ ቆጥሮ ዝም ብሎ ይመለሳል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ደነገገ፤ ገዥውም ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምርና ያገኘውን ጉድለት ፈጥኖ እንዲያስታውቅ አዘዘ። ሻጩ ጉድለቱን በተንኰል ደብቆ እንደ ሆነ «ኃላፊ አይደለሁም» የሚል ውል እንኳ አያድነውም። በኋላም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ሸማቹ ጉድለት ያገኘበትን ዕቃ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ለመጠየቅ መብት ሰጠው።

15 ቀን ይበቃልን? ለጫማ ይበቃ ይሆናል፤ ለኤሌክትሪክ ምጣድ ግን አይበቃም። እኛ ቤት የተገዛው ምጣድ በሦስተኛው ሳምንት ባንድ ወገን ማብሰሉን ተወ። እናቴ ወደ ሻጩ ብትሄድ «መብራቱ ሄድ መጣ እያለ ነው ያቃጠለው» አላት። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ መብራታችንን እናውቀዋለንና። ነገር ግን ሽቦው ከመጀመሪያው ቀጭን ኖሮ ቢሆንስ፣ ይህን ማን ያስረዳል? እንጀራ የምትጋግር እናት መሐንዲስ አይደለችም።

እንደሚመስለኝ ከቀኑ ቍጥር ይልቅ የሚከብደው ይኸው የማስረዳት ነገር ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ የሻጩ ኃላፊነት ለ2 ዓመት እንዲቆይ ከማድረጉም በላይ፣ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት የታየ ጉድለት ዕቃው ሲሸጥ ጀምሮ እንደ ነበረበት ይቆጠራል አለ። አይደለም የሚል ሻጭ ራሱ ያስረዳል። በ2019 በወጣው መመሪያ 6ቱ ወር 1 ዓመት ሆነ።

በርግጥ ይህ ያለ ዋጋ አይገኝም። ነጋዴው የሚመለስበትን ዕቃ ኪሳራ አስቀድሞ በዋጋው ላይ ይጨምረዋል፤ ያለ ደረሰኝ የሚሸጠው ጎረቤቱ ግን ርካሽ እንደ ሆነ ይቀራል፤ ድኻውም ወደዚያው ይሄዳል። ይሁን እንጂ ሌላም ጉዳት አለ። አሜሪካዊው የኤኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እንዳስረዳው፣ ገዥ ደኅናውን ከመጥፎው መለየት ሲያቅተው ለደኅናው የሚገባውን ዋጋ ለመክፈል ይፈራል፤ ስለዚህ ደኅና አድርጎ የሚሠራው ሰው ከገበያው ይወጣል። ቃሊቲ ውስጥ ወፍራም ሽቦ ገዝቶ ምጣድ የሚሠራ ባለሙያ ቢኖር፣ ቀጭን ሽቦ ከሚጠቀልለው ጋር ባንድ ዋጋ እየተወዳደረ እስከ መቼ ይቆያል?

ስለዚህ 2 ዓመት ይሁን አልልም፤ ዋጋው ይከብደናል። ለኤሌክትሪክ ዕቃ ግን 6 ወር ቢሆንና የማስረዳቱም ሸክም በሻጩ ላይ ቢወድቅ እመርጣለሁ። የሽቦውን ውፍረት ሠሪውን ጠይቆ ለማወቅ የሚችለው እርሱ ነውና።