በአራት ጎማ የሚሳብ መኪና ካምቢዮና ትራንስፈር፤ ስለ ግዥውና ስለ አገጣጠሙ

ዕቃ የሚነግድ ሰው የዕቃውን ስም ብቻ ሳይሆን ጠባዩንም ማወቅ ይገባዋል። የጨርቅ ነጋዴ ጨርቁን ዳስሶ፤ የቡና ነጋዴም ፍሬውን መርምሮ ዋጋ ይቆርጣል። ካምቢዮና ትራንስፈር ግን በብረት ሣጥን የተዘጉ ስለ ሆኑ ብዙ ሰው በመልካቸው ይገዛቸዋል። ስሕተቱም የሚታወቀው ገንዘቡ ከተከፈለና ጭነቱ ዳገት ላይ ከቆመ በኋላ ነው።

ካምቢዮ የሞተሩን ኃይል እንደ መንገዱ ሁኔታ በየማርሹ ይመጥናል። ትራንስፈር ደግሞ ከካምቢዮው ኋላ ተገጥሞ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች ማከፋፈል ነው፤ ሁለተኛውም ለደልዳላ መንገድ ፈጣኑን፤ ለጭቃና ለአቀበት ከባዱን ማርሽ መስጠት ነው። ስለዚህ ሁለቱ ዕቃዎች እንደ አንድ ጥንድ በሬ ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው አያርስም።

ለምሳሌ ላንድሮቨርን እንመልከት። ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «አንድ መቶ አሥር» በተባለው፤ ከ1990 ወዲህም ዲፌንደር ተብሎ በተሰየመው መኪና ላይ «ኤል.ቲ. 230» የተባለ ትራንስፈር ተገጥሟል። በ1989 በወጣው ዲስከቨሪም ላይ በስምም በመልክም ተመሳሳይ የሆነ ትራንስፈር ይገኛል። ውስጡ ግን ይለያያል። እስከ 2006 በተሠሩት የተለመዱ ዲፌንደሮች የፈጣኑ ማርሽ ልክ 1.41 ለ1 ሲሆን የዲስከቨሪው 1.22 ለ1 ነው። ይህም ማለት በመጀመሪያው ከካምቢዮ የሚወጣው ዘንግ 1.41 ጊዜ ሲዞር ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። የዲስከቨሪው በዲፌንደር ላይ ቢገጠም መኪናው በፈጣኑ ማርሽ ከሚስብበት ኃይል ከመቶ 13 ያህሉን ያጣል። በሜዳ ላይ ባዶውን ለሚሮጥ መኪና ሞተሩ ቀስ ብሎ ስለሚዞርለት ይህ ጥቅም ሊሆን ይችላል፤ ጭነት ይዞ አቀበት ለሚወጣ ግን ጉዳት ነው። የከባዱ ማርሽ ልክ በሁለቱም 3.32 ለ1 ስለ ሆነ በከባዱ ማርሽ ብቻ የሚደረግ ሙከራ ልዩነቱን አይገልጸውም።

ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ከዚህ ሌላ ሁለት ነገር ይመርምር። የመጀመሪያው የካምቢዮው ዘንግ ከትራንስፈሩ ማርሽ ጋር የሚያያዝበት ጥርስ ነው። ይህ ስፍራ በቀድሞዎቹ ዕቃዎች ላይ ዘይት በሚገባ ስለማይደርሰው ደርቆ ይበላል። ፈጽሞ ሲያልቅ ሞተሩ እየሠራ፤ ማርሹም ገብቶ ሳለ መኪናው አይንቀሳቀስም። ኋላ የተሠራው ማርሽ ዘይት እንዲያልፍበት ቀዳዳ ተበጅቶለታል። ከትራንስፈሩ በስተኋላ ያለውን ትንሽ ክዳን ፈትቶ ቢያዩ ቀይ የዝገት ዱቄት የበሽታው ምልክት ነው። ጥርሱ ያለቀበት ዘንግ ላይ አዲስ ማርሽ መግጠም ግን በአሮጌ አቁማዳ አዲስ ጠጅ እንደ መጨመር ስለ ሆነ ሁለቱ አብረው ይለወጡ።

ሁለተኛው ዘይቱ ነው። ካምቢዮው ቀጭን ዘይት፤ ትራንስፈሩ ወፍራሙን «ኢ.ፒ. 90» የተባለውን የማርሽ ዘይት ይጠጣሉ። የካምቢዮው ዘይት ጎድሎ የትራንስፈሩ ከልኩ አልፎ ቢገኝ በመካከላቸው ያለው ዘይት አጋጅ ጎማ ማለቁን ያስረዳል። ዘይት እየጨመሩ መሸጥ ደንበኛን ማታለል ነው።

ወደ አገጣጠሙ ስንመለስ፤ በዚህ መኪና የእጅ ፍሬኑ ያለው በትራንስፈሩ ጀርባ ላይ እንጂ በጎማዎቹ ላይ አይደለም። የኋላው የኃይል ማስተላለፊያ ዘንግ እንደ ተፈታ የእጅ ፍሬኑ የኋላ ጎማዎችን አይዝም፤ ትራንስፈሩ ሲወርድም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ከሥራው አስቀድሞ መኪናው በደልዳላ ስፍራ ይቁም፤ ጎማዎቹም ከፊትና ከኋላ በታኮ ይያዙ። ይህን የዘነጋ ሰው የሚያጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ካምቢዮው ከወረደ ዘንድ ፍሪሲዮኑና ኩሽኔታው፤ ከሞተሩ ኋላ ያለው ዘይት አጋጅም ይታዩ። የነዚህ ዋጋ ካምቢዮን ሁለተኛ ጊዜ ከማውረድ ድካም ያነሰ ነው። ሲመለስም የፍሪሲዮኑ ሸራ መካከሉን እንዲይዝ በመሣሪያ ይስተካከል። ካምቢዮው ክብደቱን በክሪክ ተሸክሞ ቀጥ ብሎ ይግባ፤ ክብደቱ በዘንጉ ላይ ቢንጠለጠል ሸራውን ያጣምማል። አልገባ ያለውን ቡሎን በማጥበቅ መጎተትም ሣጥኑን ይሰነጥቃል። ዘይቱ በሁለቱም ሣጥኖች እስከ ልኩ ሳይሞላ ሞተሩ አይነሣ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው በጥድፊያ የተገጠመ ካምቢዮ መንገድ ላይ ይፈታል።

እንግዲህ አስመጪው ለውጭ አገር ሻጭ በሚጽፈው የማዘዣ ደብዳቤ ላይ የሚከተሉትን ይግለጽ፦

1ኛ፤ የመኪናውን ዓይነት፤ የተሠራበትን ዘመንና የሻንሲውን ቁጥር፤
2ኛ፤ በአሮጌው ካምቢዮና ትራንስፈር ሣጥን ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በሙሉ፤
3ኛ፤ የፈጣኑንና የከባዱን ማርሽ ልክ፤
4ኛ፤ ዕቃው አዲስ፤ የታደሰ ወይም ያገለገለ መሆኑን፤
5ኛ፤ ዘይት አጋጆቹና ጓርኒሲዮኖቹ አብረው መላካቸውን።

ሻጩም እነዚህን በዋጋ ማቅረቢያው ላይ በጽሑፍ ሳያረጋግጥ ገንዘብ አይላክ። ባለሱቁም ለገዢው ሲሸጥ የማርሹን ልክ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ከብረት ይልቅ በቶሎ የሚሰበረው የደንበኛ እምነት ነው፤ ለእርሱም መለዋወጫ የለውም።