እንፋሎትና ሬንጅ፦ የአልበርታ የነዳጅ አሸዋ ከቱሉ ሞዬ የከርሰ ምድር ሙቀት አንጻር

የኢተያን ስንዴ የሚያጭደው ኮምባይነር የሚንቀሳቀሰው ከውጭ በሚገባ ናፍጣ ነው። ከከተማዋ በስተምዕራብ፣ በቱሉ ሞዬ የእሳተ ገሞራ መስክ፣ ከመሬት ስንጥቅ እንፋሎት ይወጣል። በካናዳ አልበርታ ደግሞ ነዳጅ ለማግኘት ሲባል እንፋሎት ወደ መሬት ይሰደዳል። ሁለቱን ማነጻጸር የሙቀትን ዋጋ ለማየት ይረዳል።

በአልበርታ የነዳጅ አሸዋ ውስጥ ከክብደቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ የሚሆነው ቢቱመን ነው። ይህ ሬንጅ መሰል ነገር በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ተጣብቆ ስለሚኖር እንደ ተራ ድፍድፍ ነዳጅ በፓምፕ አይሳብም። ለገጽ የቀረበው ክምችት ተቆፍሮ ይፈጫል፤ ከሙቅ ውኃ ጋር ሲናጥም ቢቱመኑ ከአረፋ ጋር ይሰፍፋል። አንድ በርሜል ለማግኘት ሁለት ቶን ያህል አሸዋ ያስፈልጋል፤ እጣቢውም በሰፋፊ ኩሬዎች ይከማቻል። የመጀመሪያው ትልቅ የንግድ ማምረቻ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። በአሰላ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) የተመሠረተውና ናፍጣ የሚጠጣው ትራክተር በጭላሎ ሜዳ መስፋፋት የያዘውም በዚያው ዘመን ነበር።

ይሁን እንጂ አብዛኛው ክምችት ለቁፋሮ በጣም ጥልቅ ነው። በዚህ ጊዜ ሁለት አግድም ጉድጓዶች፣ አንዱ ከሌላው በላይ፣ አምስት ሜትር ያህል ተራርቀው ይቆፈራሉ። በላይኛው ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ እንፋሎት ይገባል። ቢቱመኑ ሲሞቅ ይቀጥንና በራሱ ክብደት፣ ወደ ውኃ ከተመለሰው እንፋሎት ጋር፣ ወደ ታችኛው ጉድጓድ ይወርዳል። ከዚያ ወደ ላይ ተስቦ ውኃው ይለያል፤ ተጣርቶም ወደ ቦይለር ይመለሳል። ለአንድ በርሜል ቢቱመን በተለምዶ ከሁለት እስከ አራት በርሜል ውኃ ወደ እንፋሎት መለወጥ አለበት፤ ለዚህም የተፈጥሮ ጋዝ ይቃጠላል። ነዳጅ ለማውጣት ነዳጅ ማንደድ የዚህ ዘዴ ዋና ድክመት ነው።

የወጣውም ገና ናፍጣ አይደለም። ወይ በቀላል ነዳጅ ቀጥኖ በቧንቧ ይላካል፣ ወይ በከፍተኛ ሙቀት ከባድ ሞለኪውሎቹ ይሰባበራሉ፤ በሃይድሮጅንም ድኝ ይወገድለታል።

በኢትዮጵያ ለዚህ የሚቀርበው በጅማ አካባቢ የሚገኘው የደልቢ-ሞዬ ዘይት አዘል ሼል ነው። የስም መመሳሰል ሊያሳስት አይገባም፤ ይህ ሞዬ ከአርሲው ቱሉ ሞዬ የተለየ ነው። ሼሉም ከነዳጅ አሸዋ ይለያል፤ በውስጡ ያለው ኬሮጅን ገና ዘይት ስላልሆነ ድንጋዩን ያለ አየር እስከ 500 ዲግሪ ገደማ ማሞቅ ይጠይቃል። የጂኦተርማል ጉድጓድ እንፋሎት በአብዛኛው ከ350 ዲግሪ ስለማያልፍ ሁለቱን ሀብቶች የማጣመር ሐሳብ ከርቀቱ በፊት በሙቀቱ ይሰናከላል።

በቱሉ ሞዬ የኬንያው ኬንጄን እ.ኤ.አ. በ2020 ቁፋሮ ጀምሯል፤ ዕቅዱ በሁለት ምዕራፍ 150 ሜጋ ዋት ማመንጨት ነው። አገሪቱ ቀደም ሲል በአሉቶ ላንጋኖ የሠራችው የሙከራ ጣቢያ ሰባት ሜጋ ዋት ያህል አቅም ብቻ ነበረው። ለአርሲ ደጋ ግን ከኤሌክትሪክ ያልተናነሰ ጥቅም ያለው፣ ተርባይን ካሽከረከረ በኋላ የሚቀረው ሙቅ ውኃ ነው። የአሰላ ብቅል ፋብሪካ የሚያውቀው የገብስ ብቅል ማድረቅ በመጨረሻው ደረጃ 80 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። ሙቅ ውኃ በሩቅ ሲጓዝ ስለሚቀዘቅዝ ግን ማድረቂያው የሚተከለው ከጉድጓዱ አጠገብ፣ ገብሱ የሚጓጓዘውም ወደዚያው ሊሆን ይገባል። የኮምባይነሩ ናፍጣ በዚህ አይተካም።