ከገብሱ አጠገብ ባቄላው አይጥፋ

ደብረ ብርሃን ላይ ሁዳዴ ሲጋመስ «ጾሙ ጉልበቴን ጨረሰው» የሚል ሰው ይበዛል። ምእመኑ በዓመት 180 ቀን ያህል፣ ካህናቱ ደግሞ እስከ 250 ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይርቃሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የጾሙ ሳይሆን የገበታው ነው።

በከተማዋ ልብስ በመስፋት የምትተዳደር አንዲት እናት ባለፈው ሁዳዴ ዓይኗ እየጨለመባት መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃታት። ጤና ጣቢያ ብትመረመር የደም ማነስ ተገኘባት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፤ ጾሟን ስትፈታ ሻይ በዳቦ፣ ማታ እንጀራ በቀጭን ሽሮ፣ ወዲያው ቡና እስከ በረካ። ሻይና ቡና በምግብ ላይ ሲጠጡ አንጀት የእህሉን ብረት እንዳይመጥ ያግዱታል። የታዘዘላትን የብረት ክኒን ጀመረች፤ ቡናውን ከምግብ አንድ ሰዓት አራቀች፤ ወጧ ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ ቃሪያ መጨመር ለመደች። የሎሚና የቃሪያው ቫይታሚን ሲ ብረቱን ለሰውነት ያቀርበዋል። ፋሲካ ሲደርስ ዳስ ጥላ እንግዳ ታስተናግድ ነበር።

ከሁሉ በላይ መመስገን ያለበት ግን በቆልት ነው። ባቄላው ታጥቦ አንድ ሌሊት ይዘፈዘፋል፤ ውሃው ይደፋል፤ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሞቅ ያለ ቦታ ይቀመጣል። በየቀኑ ለቅለቅ ይደረጋል፤ አለዚያ ይሸታል። የደጋው ብርድ ያዘገየዋል እንጂ በሁለት ሦስት ቀን ነጭ ጭራ ያወጣል። ከዚያ በጨው ተቀቅሎ ይበላል። ብቅለቱ ብረትና ዚንክ አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሳል። ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል፦ እህሉ የሚያጥረውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል ባቄላው፣ ባቄላው የሚያጥረውን ሜቲዮኒን የተባለውን ደግሞ እህሉ ይሞላል። ጉልባን ይኸው ቅልቅል ነው፤ ለጸሎተ ሐሙስ ብቻ መቅረቱ ያሳዝናል።

ዛሬ ግን በቆልት የድሃ ምግብ ተደርጎ ተናቀ። ወጣቱ የጾም ፓስታና ለስላሳ ይዞ «ጾመኛ ነኝ» ይላል። ገበሬውንም «ቆርምድ» የሚባለው በሽታ ባቄላውን እየፈጀ አስቸግሮታል። ባቄላ ተወደደ ብሎ ጓያን የዘወትር ምግብ ማድረግ ግን አይገባም፤ ለወራት ያለማቋረጥ ሲበላ እግርን ሽባ ያደርጋል።

ከባቄላው ሌላ፣ ጎመን ዘይት ጠብ ይበልለት፤ ቫይታሚን ኤ የሚሆነው ቀለሙ ያለ ቅባት በደንብ አይመጠጥም። ተልባ ይፈጭ። ጨው አዮዲን ያለው ይሁን፤ ክዳኑም ይገጠም።

ከማሳ የማይገኝ አንድ ነገር አለ፦ ቫይታሚን ቢ12። አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ጉበትም ለዓመታት ያከማቻል። ስለዚህ በፍስክ ወተትና እንቁላል የሚያገኝ ጾመኛ እምብዛም አያሰጋውም። ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳት ተዋጽኦ የራቀ ሰው ግን ክኒኑን ወይም ቢ12 የተጨመረበትን ምግብ ሊተው አይገባም፤ ጉድለቱ ነርቭን ይጎዳል።

እርጉዝ፣ አጥቢና ሕመምተኛ ከመጾማቸው በፊት የነፍስ አባታቸውንና የጤና ባለሙያን ያማክሩ። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን የጾም ግዴታ የለበትምና ወተቱን አትከልክሉት።