የባዶው ሚዛን

ዕድሜያቸውን በቴሌ የመሥመርና የማጉያ ጥገና የፈጸሙ አንድ አረጋዊ፣ ፀሐይ በበረደ ጊዜ፣ ከፒያሳ ወደ እሪ በከንቱ በሚያወርደው ቁልቁለት ካለችው በረንዳቸው ተቀምጠው ሳለ፣ በአምስት ኪሎ ምሕንድስና የምትማር የጎረቤት ልጅ ደብተሯን ይዛ መጥታ ከጎናቸው ተቀመጠች።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ ዛሬ መምህራችን፣ በፋይበር የሚመጣው ብርሃን ንጹሕ ሆኖ ሳለ መቀበያው ግን ሊሳሳት እንደሚችል ነገሩን። ብርሃኑ ያልበደለውን በደል መቀበያው ከወዴት ያመጣዋል?

አረጋዊ፦ ነገሩን ከሚዛን እንጀምረው። በወጣትነቴ በፒያሳ ወርቅ ቤቶች እንዳየሁት፣ ጠንቃቃ ወርቅ ሠሪ ወርቁን ከማኖሩ በፊት ሁለቱን ባዶ ሳህኖች አንጠልጥሎ ወደየትኛው እንደሚያጋድሉ ይመለከታል፣ ጥቂት እንኳ ቢያጋድሉ በቀለለው ወገን ሽራፊ ጨምሮ ያቃናቸዋል፤ ይህን ያላደረገ እንደ ሆነ፣ ወርቁ ንጹሕ፣ መመዘኛውም ትክክል ሆኖ ሳለ ፍርዱ ሐሰት ይሆናልና። እናንተ ኦፍሴት የምትሉት ዝንፈት ይኸው የባዶ ሚዛን ማጋደል ነው።

ጠያቂ፦ በመቀበያው ውስጥስ ሚዛኑን የሚያጋድለው ምንድን ነው?

አረጋዊ፦ ፊተኛው ምክንያት የብርሃን ጠባይ ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በሽቦ ሲመላለስ የኖረው የስልክ ድምፅ ከመካከል ተነሥቶ ወደ ሁለቱም ወገን ይወዛወዛል፤ ብርሃን ግን ይደምቃል ወይም ይደበዝዛል እንጂ ከጨለማ በታች መውረድ አይቻለውምና፣ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ፎቶዳዮድ የሚያወጣው ጅረት ሁልጊዜ በአንድ ወገን ነው። ስለዚህ «አንድ»ንና «ዜሮ»ን የሚለየው የፍርድ መሥመር በሁለቱ መካከል ይቆም ዘንድ አማካዩ መቀነስ አለበት። ሁለተኛው ያን ደካማ ጅረት ከሚያጎላው ማጉያ የሚመጣ ነው፤ መንትያ ተብለው የተሠሩ ሁለት ትራንዚስተሮች በጥቂት ሚሊቮልት ይለያያሉ።

ጥቂት መሆኑ አያታልልሽ። 10 ማይክሮ አምፔር ጅረት በ1000 ኦም ሲለወጥ የሚሰጠው 10 ሚሊቮልት ብቻ ነውና፣ በዚያ ላይ የ3 ሚሊቮልት ዝንፈት ብርቱ ሸክም ነው። ተከታዮቹ ማጉያዎች ምልክቱንና ዝንፈቱን ሳይለዩ 1000 ጊዜ ቢያጎሉ፣ 3 ሚሊቮልቱ 3 ቮልት ልሁን ይላል፤ ማጉያው ግን ያን ያህል ስፋት ስለሌለው ከጣሪያው ተጣብቆ ይቀራል። ከሩቅ የመጣው ጩኸት እንደዚህ ሰፈር ስም እሪ በከንቱ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።

ጠያቂ፦ ሽራፊውን የሚጨምረውስ ማን ነው?

አረጋዊ፦ ራሱ ማጉያው ነው። ከመውጫው ላይ ፈጣኑን ሁሉ ትቶ ዘገምተኛውን ብቻ በሚያሳልፍ ማጣሪያ ዝንባሌው ይለካል፤ የተገኘውም ተመልሶ ከመግቢያው ይቀነሳል፤ ማካካሻ የሚባለው ይህ ዑደት ሚዛኑ ከሰከነም በኋላ አይቋረጥም።

ጠያቂ፦ እንዲያ ከሆነ ፈጥኖ ቢያርም አይሻልም?

አረጋዊ፦ የምሥጢሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው፣ ልጄ። ማካካሻው የሚያውቀው አማካይን ብቻ ስለ ሆነ፣ ላኪው «አንድ»ን 72 ጊዜ አከታትሎ ቢልክ፣ ቸኳዩ ይህን ረጅም ቃል እንደ ዝንፈት ቆጥሮ እውነተኛውን መልእክት ይሽረዋል። በሴኮንድ 10 ቢሊዮን ቢት በሚያልፍበት መሥመር፣ የማካካሻው ወሰን 10 ኪሎኸርዝ ቢሆን፣ ሐሳቡን ለመለወጥ 16 ማይክሮ ሴኮንድ፣ ማለት 160,000 ቢት ያህል ይፈጅበታልና፣ 72ቱ ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አያናውጡትም። ወሰኑን 100 ሜጋኸርዝ ብታደርጊው ግን 16 ቢት ባለፈ ጊዜ ፍርዱ መዞር ይጀምራል። ላኪውም በበኩሉ ያግዛል፤ የአይቢኤም ሊቃውንት ዊድመርና ፍራናሼክ በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት፣ 8ቱን ቢት በ10 የሚጽፍ ኮድ፣ ከ5 የሚበልጡ ተመሳሳይ ቢቶች እንዳይከታተሉ ያደርጋል።

ጠያቂ፦ ወደየቤቱ የሚገባው ፋይበርስ?

አረጋዊ፦ ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው። ጂፖን በሚባለው ሥርዓት ብዙ ቤቶች አንድ ፋይበር ተጋርተው፣ በማኅሌት ቀኝና ግራ እየተቀባበሉ እንደሚያዜሙት፣ ወደ ማዕከሉ በየተራ ይልካሉ፤ የቅርቡ ቤት ብርሃንም ከሩቁ 30 ጊዜ ያህል ሊበረታ ይችላል። የብርቱውን አማካይ የለመደ ዘገምተኛ ማካካሻ፣ የደካማው ተራ ሲደርስ የፍርድ መሥመሩን ከፍ አድርጎ ይጠብቀውና ቃሉን ሁሉ «ዜሮ» ነው ብሎ ይፈርድበታል። በሴኮንድ 1.244 ቢሊዮን ቢት ለሚላክበት ለዚህ መንገድ ደንቡ የሚሰጠው መቅድም 44 ቢት፣ ማለት 35 ናኖ ሴኮንድ ገደማ ነውና፣ መቀበያው የቀደመውን ቤት ፍርድ ጥሎ፣ በመቅድሙ አዲሱን አማካይ ፈጥኖ ለክቶ፣ ንባቡ ሲጀመር ያገኘውን ሳይነካ መያዝ አለበት። በእኔ አስተያየት የመቀበያ ሠሪ ሙያው የሚፈተነው በዚህ ነው።

ጠያቂ፦ ነገ ላቦራቶሪ ስገባ ከምን ልጀምር?

አረጋዊ፦ ማካካሻውን ነቅለሽ፣ የፋይበሩን ጫፍ ከድነሽ፣ ከመጀመሪያው ማጉያ መውጫ ላይ ለኪ፤ በጨለማ ያገኘሽው ዝንፈት የማጉያው ነው። ከዚያ ብርሃኑን ክፈቺ፤ የተጨመረው የአማካዩ ነው። ሁለቱን ለያይተሽ በደብተርሽ ሳትጽፊ ማካካሻውን አትቀጥዪ።