ሲግጥ የሚውለው ሰማያዊ ዓሣ

ዓሣ የሚኖረው በውሃ ውስጥ ነውና ውሃው ከተመቸው ሌላው ሁሉ በራሱ ይሆናል ብለን የምናስብ ብዙዎች ነን። እኔም ባለፈው ክረምት አጎቴን ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ አገር፣ ወደ ቨርጂንያ በሄድሁ ጊዜ አሳቤ ይኸው ነበር። ነገር ግን በአጎቴ ቤት ዘጠኝ ቀን ብቻ ኖሮ የሞተ አንድ ሰማያዊ ዓሣ አሳቤን አስለወጠኝ። በዚህ ጽሑፍ ስለዚያ ዓሣ ወገን፣ ከሁሉም ይልቅ ስለ አመጋገቡ፣ ያየሁትንና ያነበብሁትን ለጓደኞቼ አካፍላለሁ። አያቴ ነገሩን በሰሙ ጊዜ «ታዲያ የማይበላ ዓሣ ለምን ይቀለባል?» ብለው ሥቀውብኛል፤ ከወላጆችም እንዲሁ የሚሉ አይጠፉም። ቢሆንም የዚህ ዓሣ ሆድ ምን እንደሚመስል ሲያነቡ እንደሚገረሙ አምናለሁ።

አጎቴ በሳሎናቸው ግድግዳ አጠገብ የቆመ፣ ርዝመቱ ሁለት ሜትር የሚጠጋ፣ ስድስት መቶ ሊትር ውሃ የሚይዝ የመስተዋት ገንዳ አላቸው። ይህን የመሰለው ገንዳ አኳሪየም ይባላል። በውስጡ የጨው ውሃ፣ ድንጋይና ብርቱካን ቀለም ያላቸው ሁለት ትናንሽ ዓሦች ነበሩ። ገንዳው ሰፊ፣ ዓሦቹ ጥቂት ስለ ሆኑ ባዶ መሰለኝና አንድ ያማረ ዓሣ እንዲጨምሩበት አጎቴን እወተውታቸው ጀመር።

የወደድሁት ዓሣ በእንግሊዝኛ ፓውደር ብሉ ታንግ የሚባለውን ነው። የሳይንስ ስሙ አካንቱሩስ ሌውኮስተርኖን ሲሆን፣ ስሙን ያወጣለት ቤኔት የሚባል እንግሊዛዊ የእንስሳት ሊቅ ነው፤ ጊዜውም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 1833 ዓ. ም. ነበር። ቃሉ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ነው፤ የመጀመሪያው «እሾኸ ጭራ»፣ ሁለተኛው «ነጭ ደረት» ማለት ነው። ገላው ዝናም ካባራ በኋላ እንደሚታይ ሰማይ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። ፊቱ ጥቁር፣ ከአገጩ ሥር ነጭ፣ የጀርባው ክንፍ እንደ አደይ አበባ ብጫ ነው። ከጭራው ሥር በግራና በቀኝ እንደ ሐኪም ቢላዋ የተሳለ አንዳንድ እሾኽ አለው። ወገኖቹ ሁሉ «ቀዶ ጠጋኝ ዓሣ» የተባሉት ስለዚህ እሾኽ ነው።

አገሩ የሕንድ ውቅያኖስ ነው። ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ጀምሮ የማልዲቭን ደሴቶች ይዞ እስከ ኢንዶኔዥያ ድረስ ይገኛል። ጥልቁን ባሕር አይወድም፤ ማዕበሉ በሚመታው፣ ፀሐይ በሚደርስበት በኮራሉ ድንጋይ ላይ ይውላል። ሥራውም አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ከጠዋት እስከ ማታ በድንጋዩ ላይ እንደ ሣር የሚበቅለውን አልጌ መጋጥ ነው። አልጌው በበዛበት ስፍራ በመንጋ ሁኖ ይሄዳል። የአልጌ እርሻቸውን የሚጠብቁ ሌሎች ትናንሽ ዓሦች አሉ፤ አንዱን ያባርራሉ፣ ሁለተኛውን ያባርራሉ፣ መንጋው በመጣ ጊዜ ግን ምንም ማድረግ አይችሉም። አንድ እረኛ ብቻውን የሚጠብቀው የማሽላ ማሳ ላይ የመንደሩ ከብት ሁሉ ሲገባበት እንደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሆዱ ልናገር። ላምና በግ ሣሩን የሚያላምጡት በጥርሳቸው ይሁን እንጂ ለሰውነታቸው የሚስማማ ምግብ አድርገው የሚለውጡላቸው በሆዳቸው የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን መሆናቸውን በባዮሎጂ ትምህርት ተረድተናል። አልጌ ከሚግጡት ቀዶ ጠጋኝ ዓሦችም ብዙዎቹ እንደዚሁ ናቸው። አንጀታቸው ረጅምና የተጠማዘዘ ሲሆን በውስጡ እልፍ አእላፍ ባክቴሪያ ይኖራል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1985 ዓ. ም. በቀይ ባሕር ከሚኖር ቡናማ ቀዶ ጠጋኝ ዓሣ አንጀት ውስጥ አንድ እንግዳ ፍጡር መገኘቱን ሊቃውንት ገለጡ። አንዳንዱ ርዝመቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ስለሚበልጥ ማይክሮስኮፕ ሳያስፈልግ በዓይን ይታያል፤ ስለዚህ በመጀመሪያ ባክቴሪያ አልመሰላቸውም ነበር። በ1993 ዓ. ም. ግን የዘር ምልክቱ ተመርምሮ በእርግጥ ባክቴሪያ መሆኑ ታወቀ። ስሙንም ኤፑሎፒስኪዩም ብለውታል፤ በላቲን ቋንቋ «በዓሣ ግብዣ ላይ ያለ እንግዳ» እንደ ማለት ነው። ይህን ስም ያወጣ ሰው ቀልድ የሚያውቅ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህ ዓሣ ከባሕር ተይዞ ወደ ሱቅ እስኪደርስ የሚያልፍበትን መንገድ አስብ። ያጠመዱት ሰዎች በውሃ በተሞላ የላስቲክ ከረጢት አድርገው በአውሮፕላን ይልኩታል። በመንገድ ላይ ውሃውን እንዳያቈሽሽ ተብሎ ከመነሣቱ በፊት ምግብ ይከለከላል። ከዚያም በነጋዴው ገንዳ፣ ደግሞ በሌላው ነጋዴ ገንዳ ይቆያል። ቀኑን ሙሉ ሲግጥ የኖረ እንስሳ ብዙ ቀን ጾሞ ሲሰነብት እርሱ ብቻ ሳይሆን በሆዱ ያሉት እንግዶችም ይጐዳሉ። ስለዚህ በሱቁ ውስጥ የሚታየው ዓሣ ቀለሙ ገና ያማረ ሳለ በውስጡ የተራበ ሊሆን ይችላል።

የእኛም እንደዚሁ ነበር። አጎቴ በሱቁ መስተዋት በኩል ጥቂት ተመልክተው «ሆዱ ገብቷል፤ ሌላ ቀን እንምጣ» አሉኝ። እኔ ግን ከቀለሙ በቀር ያየሁት ነገር ስለሌለ «አጎቴ፣ ቤት ሲደርስ ይበላል» ብዬ ለመንኋቸው። ልቤን ማሳዘን ስላልወደዱ ገዙት። ወዲያውም ከትልቁ ገንዳ ጨመርነው። እኔ ውሻችንን እንደማበላ ጠዋትና ማታ ከዓሣ ሥጋ የተሠራ ደረቅ ምግብ በቁንጥር እበትንለት ነበር። አንዳንዱን ቀምሶ ይተፋዋል፤ ቀሪውን አይነካውም። በአምስተኛው ቀን በገላው ላይ ጨው የተነሰነሰበት የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ታየ። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ከድንጋዩ ሥር ወድቆ አገኘሁት፤ ሆዱ እንደ ባዶ ኪስ ተጣብቆ ነበር። አጎቴ ምንም ቃል አልተናገሩኝም። ቢቈጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ነጩ ነጠብጣብ ክሪፕቶካርዮን በሚባል ጥገኛ ነፍሳት የሚመጣ በሽታ ነው፤ ይህን ዓሣ የመሰለ በቶሎ የሚይዘው ጥቂት ነው። ጥገኛው ከዓሣው ቆዳና ስንጥብ ላይ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ያህል ተጣብቆ ይመገብና ይወርዳል። ከገንዳው ወለል ላይ ሽፋን አበጅቶ ይከፋፈላል፤ ከአንዱ በመቶ የሚቈጠሩ ልጆች ይወጣሉ። እነዚህ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ። ሽፋኑ ግን ለሳምንታት ሳይከፈት ሊቆይ ስለሚችል፣ ገንዳውን ከበሽታው ለማጽዳት ዓሦቹን ሁሉ አውጥቶ 76 ቀን ባዶውን መተው ያስፈልጋል። አጎቴም ሁለቱን ትናንሽ ዓሦች ወደ ሌላ ዕቃ አዛውረው ትልቁን ገንዳ ያለ ዓሣ ተዉት። ነጭ ሽንኩርት ከምግቡ ጋር ቢደባለቅ ይህን በሽታ ይፈውሳል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ መፈወሱ ግን አልተረጋገጠም።

በነሐሴ መጀመሪያ ሁለተኛውን ዓሣ ስንገዛ ነገሩ ሌላ ነበር። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ይባላል፤ ይህን ዓሣ ግን የሚመረምሩት ከሆዱ ነው። ሆዱ ሞላ ያለውን፣ ከራሱ በስተኋላ ጀርባው ያልከሳውን፣ ስንጥቡን በችኮላ የማያርገበግበውን መረጥን። አጎቴም ሻጩን «እባክዎ፣ ሲበላ ልየው» አሉት። ሻጩ ምግብ ሲጥልለት ዓሣው መጥቶ በላ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ገንዘቡን ከፈሉ። ያልበላ ዓሣ በርካሽ ቢገኝ እንኳ ርካሽ አይደለም።

ይህኛው ወደ ትልቁ ገንዳ አልገባም። በጓዳ በኩል ሁለት መቶ ሊትር የሚይዝ ለይቶ ማቆያ ገንዳ ተዘጋጀለት። በውስጡ ለመደበቂያ የሚሆን የላስቲክ ቧንቧ፣ ማሞቂያና አየር የሚነፋ መሣሪያ እንጂ አሸዋ አልነበረበትም። የበሽታው መድኃኒት መዳብ ነው፤ አጎቴ በየቀኑ እየለኩ ይጨምሩ ነበር፤ ቢበዛ ዓሣውን ይገድላል፣ ቢያንስ ጥገኛውን አይገድልም። መዳቡ ኮራልንና ቀንድ አውጣን ስለሚፈጅ በትልቁ ገንዳ ውስጥ አይጨመርም። የመመገቡ ሥራ የእኔ ሆነ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ከቧንቧው አልወጣም። በሦስተኛው ቀን አርቴሚያ የሚባሉትን በሕይወት ያሉ በጣም ትናንሽ የጨው ውሃ እንስሳት ጨመርሁለት። ሲንቀሳቀሱ ባየ ጊዜ ወጥቶ ለቃቀማቸው። እነዚህ ግን አፉን ለማስከፈት እንጂ ለቀለብ አይበቁም። ዋናው ቀለቡ የባሕር አልጌ መሆን አለበት። ጃፓኖች ሩዝ የሚጠቀልሉበት፣ ኖሪ የሚባል ስስ ደረቅ የባሕር ቅጠል አለ፤ ዘይት፣ ጨውና ቅመም ያልገባበት ከሆነ ለዚህ ዓሣ እጅግ ይስማማዋል። በመቈንጠጫ ከመስተዋቱ ጋር ባያይዝለት ፈራው። አጎቴ «እርሱ የሚያውቀው ከድንጋይ ላይ መብላት ነው» አሉና ቅጠሉን በልሙጥ የወንዝ ድንጋይ ላይ በላስቲክ አሰርሁለት። የኖራ ድንጋይ አልተጠቀምንም፤ መዳቡን ይመጥጣልና። በማግሥቱ ጠዋት ስመጣ ቅጠሉ ዳር ዳሩ እንደ ፍየል በላ ተቀራርጦ አገኘሁት። የዚያን ቀን ደስታዬ ፈተና ያለፍሁ ያህል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓታችን ይህ ነበር። ቅጠሉ ከጠዋት እስከ ማታ ከገንዳው አይጠፋም፤ ሲያልቅ ይተካል። በተጨማሪ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ሌላ ምግብ ይሰጠዋል፤ ይኸውም በበረዶ የተቀመጠ ትንንሽ ሽሪምፕና ስፒሩሊና ያለበት ምግብ ነው። ስፒሩሊና ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም፤ ከሻላ ሐይቅ አጠገብ ባለው በጪቱ ሐይቅ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው፣ ፍላሚንጎ የሚባሉት ወፎች የሚመገቡት እርሱ ነው። ሰላጣና ጎመን ቀቅለው የሚሰጡ ሰዎች አሉ፤ ዓሣው ይበላዋል፣ ነገር ግን የየብስ ቅጠል የባሕሩን አልጌ አይተካለትም። ማታ መብራቱ ሳይጠፋ የተረፈው ሁሉ ይወጣል። ካልወጣ ይበሰብስና አሞኒያ የሚባለውን መርዝ ይፈጥራል።

ስለ ውሃው ባጭሩ ልናገር። በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል የባሕር ጨው ይገባል፤ ይህ ጨው ማግኒዥየም፣ ካልሲየምና ሌላም ያለበት ስለ ሆነ የገበታ ጨው አይተካውም። ሙቀቱ 25 ወይም 26 ዲግሪ ይሁን። አዲስ ገንዳ ዓሣ ሳይገባበት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል፤ በዚህ ጊዜ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ብዙ ወደማይጐዳው ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ይራባሉ። ዓሣው አድጎ ከሃያ ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፤ ያለ ዕረፍት የሚዋኝ ስለ ሆነም ገንዳው ከአምስት መቶ ሊትር ባያንስ መልካም ነው። ከራሱ ወገን ጋር በጠባብ ስፍራ ስለሚዋጋ አንድ ብቻ ይያዛል። ማዕበል የለመደ ዓሣ ብዙ ኦክስጅን ይሻል። በአዲስ አበባ ወይም በሌላ ደጋ ልሞክር የሚል ቢኖር ይህን ያስብበት፤ በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ስለሚያንስ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል።

በጳጉሜን ወደ አገሬ ስመለስ ዓሣው ገና በለይቶ ማቆያው ነበር፤ በትልቁ ገንዳ ሲዋኝ ለማየት አልታደልሁም። የቅጠሉን ሰዓትና ልክ በወረቀት ጽፌ ለአጎቴ ከመስተዋቱ ላይ ለጠፍሁላቸው፤ እርሳቸው ያስተማሩኝን መልሼ ስለ ጻፍሁላቸው ሣቁ። በጥቅምት ወር ወደ ትልቁ ገንዳ ማዛወራቸውን ነገሩኝ። በኅዳር ደግሞ በስልክ አንድ ፎቶግራፍ ላኩልኝ። ዓሣው ሆዱ ሞልቶ ኖሪውን ሲቀዳድድ ይታያል፤ ከፊት ለፊቱ የአጎቴ ጣት በፕላስተር ተጠቅልሎ አለ። ቅጠሉን ሲያስሩለት በጭራው እሾኽ ቈርጧቸው ኖሯል።